ሮኬቱና የቆጠራው ወረቀት፦ ስለ ሁጎ ሽልማት የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ሁጎ ሽልማት የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመድረኩ ነው። የሽልማቱ ዋንጫ የሆነው ብርማው ሮኬት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ፖስታው ተከፍቶ፣ ስሙ ሲጠራ ደራሲው ደንግጦ ከመቀመጫው ሲነሣ ማየት በእርግጥ ደስ ያሰኛል። እኔ ግን ዛሬ የምጀምረው ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ከሚወጣ፣ ለዓይን ምንም ከማይስብ አንድ ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ የቆጠራው ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ዘርፍ ስንት ሰው ድምፅ እንደሰጠ፣ በየዙሩ የትኛው ሥራ እንደወደቀና የወደቀው ሥራ ድምፅ ወደ የትኛው እንደተሻገረ፣ ዕጩ ለመሆን ጥቂት ድምፅ ብቻ የጎደላቸው ድርሰቶች የትኞቹ እንደነበሩ በቁጥር ያሳያል። ብዙ ጊዜ ሥነ ሥርዓቱ በተፈጸመበት በዚያው ሌሊት ይወጣል፤ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻ ገደብ ደግሞ 90 ቀን ነው። የዚህ ሽልማት ክብር ከሮኬቱ ይልቅ በዚህ ወረቀት ላይ ያረፈ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሚመስለኝ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ሁጎ የሚሰጠው ለሳይንስ ልብ ወለድና በተለምዶ ፋንታሲ ለምንለው ለምናባዊ ልብ ወለድ ነው። ዳኞች የሉትም፤ የገንዘብ ሽልማትም የለውም። ድምፅ የሚሰጡት ወርልድኮን ተብሎ የሚጠራው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ አባላት ሲሆኑ፣ አባል ለመሆን የሚጠየቀው የዓመቱን መዋጮ መክፈል ብቻ ነው። ማንም የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም፤ መጽሐፍ ያሳተመና ያላሳተመ እኩል አንድ ድምፅ አለው፤ ወደ ጉባኤው ከተማ መጓዝ ያልቻለም ቤቱ ሆኖ ይመርጣል። ጉባኤውን የሚያዘጋጁት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው አንባቢዎች ናቸው፤ በየዓመቱም ከተማው ይለወጣል፣ አዘጋጆቹም ይለወጣሉ። ለእኛ አገር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የጽዋ ማኅበር ነው። ተረኛው እንደ አቅሙ ይደግሳል፣ ሲያበቃ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሻገራል። ሮኬቱም ቅርጹ ሳይለወጥ እንዲሁ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ የሚቆምበትን መቀመጫ ብቻ ተረኛው ከተማ በየዓመቱ በራሱ ጥበብ ያሠራዋል። የማኅበሩን ሕግ ለመለወጥም የአንድ ዓመት ተረኞች ፈቃድ አይበቃም፤ ማሻሻያው በሁለት ተከታታይ ጉባኤዎች ላይ መጽደቅ አለበት።

ሽልማቱ ስሙን ያገኘው በ1884 በሉክሰምበርግ ተወልዶ በ1904 ወደ አሜሪካ ከተሰደደው ከሁጎ ገርንስባክ ነው። ሰውየው የኤሌክትሪክና የሬዲዮ ዕቃ ነጋዴ፣ የመጽሔትም አሳታሚ ነበር። በሚያዝያ 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን፣ ለሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የተለየውን የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ መጽሔት ጀመረ። እንደ ደራሲ ይህን ያህል የሚደነቅ አልነበረም፤ ለጸሐፊዎች የሚከፍለው ገንዘብም ከማነሱ በላይ ስለሚዘገይ በዘመኑ ብዙዎች አምርረውበታል። ነገር ግን አንድ ነገር አደረገ። አንባቢዎች የላኩለትን ደብዳቤ ሲያትም አድራሻቸውንም አብሮ አተመው። በአንድ ከተማ ብቻውን ተቀምጦ ስለ ሌሎች ዓለማት ያነብብ የነበረ ወጣት፣ እንደ እርሱ ያለ ሌላ አንባቢ ከሁለት መንገድ በታች እንደሚኖር ያወቀው በዚህ ነው። ደብዳቤ መጻጻፍ ተጀመረ፤ ከደብዳቤው ክበብ ተወለደ፤ ከክበቡም በ1939 በኒው ዮርክ የመጀመሪያው ወርልድኮን ተሰበሰበ። ሽልማቱ የአንባቢ መሆኑ፣ የምሁር ወይም የአሳታሚ አለመሆኑ፣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ በደብዳቤ ዓምድ ላይ።

ሽልማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1953 በፊላደልፊያ በተካሄደው 11ኛው ጉባኤ ነው። የምርጥ ረጅም ልብ ወለዱን ሽልማት የወሰደው አልፍሬድ ቤስተር ነበር። ሮኬቶቹን በእጁ የሠራው ጃክ ማክናይት የተባለ የብረታ ብረት ባለሙያ ሲሆን፣ ሥራው አላልቅ ብሎት ጉባኤውን ከሞላ ጎደል ሳያየው አለፈው። በተከታዩ ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ተረኞች ሽልማት ሳይሰጡ ቀሩ፤ ከ1955 ጀምሮ ግን አልተቋረጠም። «ሁጎ» የሚለው ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሕጋዊ ስም እንዳልነበረም ልብ በሉ፤ ቅጽል ስሙ ነው የጸናው።

ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ያለ እርሱ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ አይገባምና። ምርጫው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ አባላት ባለፈው ዓመት ከታተሙት ውስጥ የወደዱትን በየዘርፉ እስከ አምስት ሥራ ድረስ ይጠቁማሉ። ልብ ወለዱ እንደ ርዝመቱ በአራት ይከፈላል፤ ከ7,500 ቃላት በታች ያለው አጭር ልብ ወለድ ነው፣ 40,000 እና ከዚያ በላይ የሆነው ረጅም ልብ ወለድ ነው፣ በመካከሉ ሁለት እርከኖች አሉ። በሁለተኛው ደረጃ አባላት የቀረቡትን ዕጩዎች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። አንደኛ ተብሎ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወድቃል፤ የእርሱ መራጮች ድምፅም ሁለተኛ ወዳሉት ሥራ ይሻገራል፤ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ዘርፍ ደግሞ ከዕጩዎቹ ጋር «ሽልማት የለም» የሚል አንድ ተጨማሪ ምርጫ ይሰለፋል። መራጩ ይህን አንደኛ አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከቀረቡት አንዱም ሮኬቱ አይገባውም ለማለት የተተወለት መንገድ ይህ ነው።

ይህ ለረጅም ዘመን እንደ ጌጥ የቆየ ምርጫ በ2015 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዓመት ሽልማቱ የፖለቲካ ዝንባሌ እያየ ነው የሚሰጠው፣ የጀብዱ ታሪክ ተንቋል የሚል ቅሬታ የያዙ ሁለት ቡድኖች፣ ራሳቸውን «ያዘኑ ቡችሎች» እና «ያበዱ ቡችሎች» ብለው የሰየሙ፣ ለተከታዮቻቸው ዝግጁ የዕጩዎች ዝርዝር አደሉ። ቅሬታው እውነት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እተወዋለሁ፤ እኔን የሚያስገርመኝ ሒሳቡ ነው። የዕጩ ጥቆማ የላኩት 2,122 ሰዎች ነበሩ። ተራው አንባቢ የወደደውን ሲጠቁም ድምፁ በመቶ በሚቆጠሩ ድርሰቶች ላይ ይበተናል፤ ጥቂት መቶ ሰዎች ግን አንድ ዓይነት አምስት ስም ከጻፉ አምስቱን ቦታ ጠቅልለው ይይዛሉ። የሆነውም ይኸው ነው። በበርካታ ዘርፎች ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ አንድም ዕጩ አልተገኘም። ሕግ ግን አልተጣሰም። መዋጮውን፣ በዚያ ዓመት 40 ዶላር፣ የከፈለ ሁሉ የወደደውን የመጠቆም መብት አለው፤ ሌላው የጻፈለትን መጠቆምም መብቱ ነው።

ምላሹም በዚያው መሣሪያ መጣ። ሌሎች አንባቢዎች መዋጮ ከፍለው ገቡ፤ በመጨረሻው ዙር 5,950 ሰው ድምፅ ሰጠ። በነሐሴ 2015 በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ ውጤቱ ሲነበብ በአምስት ዘርፎች «ሽልማት የለም» አሸነፈ። ከዚያ በፊት በሽልማቱ ታሪክ በሙሉ እንዲህ የሆነው አምስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ የስድስት ዐሥርት ዓመታቱን ያህል በአንድ ምሽት ተደገመ ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዶች አጨበጨቡ፣ አንዳንዶችም ጭብጨባው ነውር ነው አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሳይጠየቁ በዝርዝሩ የገቡ፣ ምንም ያላጠፉ ጸሐፊዎች ነበሩና።

ከዚያ ምሽት ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ማርኮ ክሎስ የተባለ ደራሲ በቡድኖቹ ዝርዝር ምክንያት በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ዕጩ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ መንገድ የመጣ ዕጩነት አልፈልግም ብሎ ከውድድሩ ወጣ። በለቀቀው ቦታ ከዕጩነት ለጥቂት ቀርቶ የነበረ መጽሐፍ ገባ፤ ሊዩ ትሲሺን በቻይንኛ የጻፈው፣ ኬን ሊዩ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው «የሦስቱ አካላት ችግር» ነው። ያ መጽሐፍ አሸነፈ፤ በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ሁጎን ያገኘ የመጀመሪያው የትርጉም ሥራም ሆነ። የአሸናፊውን ስም ያነበበው ደግሞ ከመሬት በላይ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የነበረው ጠፈርተኛ ሼል ሊንድግረን ነው፤ ምስሉ ከጠፈር ተላከ። ደራሲው በቦታው ስላልነበረ ሮኬቱን ተርጓሚው ተቀበለለት። አንድ ሰው በክብር የለቀቀው ወንበር የቻይናን ልብ ወለድ በመላው ዓለም አንባቢ ፊት አቆመው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የሕግ ማሻሻያ፣ በእኔ ግምት፣ በሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች ታሪክ ብልሃት ከታየባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። በ2016 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ቡድኖችን አይከለክልም፣ የማንንም አሳብ አይመረምርም፤ አቆጣጠሩን ብቻ ይለውጣል። እያንዳንዱ ጠቋሚ በየዘርፉ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አምስት ሥራ ከጠቆመ ነጥቡ ለአምስት ይካፈላል። ከዚያ በየዙሩ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ሁለት ሥራዎች ይነጻጸሩና በጥቂት ሰዎች የተጠቆመው ይወጣል። አንዱ በወጣ ቁጥር የጠቋሚው ነጥብ በቀሩት ላይ እንደገና ይከፋፈላል። አምስቱም ስሞች ያልወደቁበት የቡድን መራጭ ነጥቡ እስከ መጨረሻው ተቆራርሶ ይቆያል፤ አራት ምርጫው ወድቆ አንድ የቀረው ብቸኛ አንባቢ ግን ሙሉ ነጥቡን ለዚያች አንዷ ይሰጣል። ከዚሁ ጋር የዕጩዎቹ ቁጥር ከአምስት ወደ ስድስት ከፍ አለ፤ ጥቆማው ግን አምስት ላይ ቀረ። እንግዲህ አንድ ዝርዝር ብቻውን ዘርፉን ጠቅልሎ መያዝ አይችልም።

ሽልማቱን ማን አሸነፈ ለሚለው ጥያቄ ረጅም የስም ዝርዝር ማንበብ አልፈልግም። ሆኖም ጥቁር አሜሪካዊው ሳሙኤል ዲላኒ በ1970 በአጭር ልብ ወለድ፣ ኦክታቪያ በትለርም በ1984 እና በ1985 በአጫጭር ሥራዎች ሲያሸንፉ፣ በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ጥቁር ደራሲ ያሸነፈው ሽልማቱ ከተጀመረ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑን መናገር ይገባል። ኤን ኬ ጀሚሲን በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በአንድ ተከታታይ ታሪክ ሦስት መጻሕፍት አሸነፈች። ከእርሷ በፊት በዚህ ዘርፍ ሦስት ዓመት አከታትሎ ያሸነፈ የለም። ጊዜውን ተመልከቱ፤ ሁከቱ በነበረበት ዓመት ማግስት ነው። መዋጮ ከፍለው የገቡት አዳዲስ አንባቢዎች ለተቃውሞ ብቻ እንዳልመጡ፣ መጽሐፍ እያነበቡ እንደቆዩ ይህ ያሳያል።

አሁን ወደ ጀመርኩበት ወረቀት እመለሳለሁ። በ2023 ጉባኤው በቻይና ሲቹዋን ግዛት በቼንግዱ ከተማ ተካሄደ። ለዚሁ ታስቦ በተሠራ አዲስ የሳይንስ ልብ ወለድ ሙዚየም ውስጥ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በጥቅምት 21 ቀን ተከናወነ፤ ያዩት እንደሚመሰክሩት ከድምቀቱ የሚስተካከል ብዙም አልነበረም። የቆጠራው ዝርዝር ግን በዚያ ሌሊት አልወጣም፤ በማግስቱም አልወጣም። የወጣው በጥር 20 ቀን 2024 ነው። አንባቢዎች ቁጭ ብለው ቁጥሩን አንድ በአንድ መመርመር ጀመሩ። ለዕጩነት የሚያበቃ ድምፅ አግኝተው ሳለ «ብቁ አይደለም» ተብለው የተሰረዙ ሥራዎችና ሰዎች ተገኙ፤ ምክንያቱ አልተጻፈም። ከተሰረዙት አንዱ የአር ኤፍ ኳንግ ረጅም ልብ ወለድ «ባቤል» ነበር፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲያን ማኅበር የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። ከአዳዲስ ደራሲያን ዘርፍ ሺራን ጄይ ዣኦ፣ በአንባቢነታቸው ከሚጽፉት መካከል ደግሞ ፖል ዌይመር ተሰርዘው ነበር። ከዚህም በላይ ሰንጠረዡ ራሱ እንግዳ ነበር፤ በሌሎች ዓመታት ቀስ እያለ የሚወርደው የድምፅ ብዛት እዚህ በአንዳንድ ዘርፎች ከገደል እንደተጣለ በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል።

በየካቲት የሽልማቱ አስተዳዳሪዎች የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ይፋ ሆኑ። ከምዕራብ አገሮች የመጡት አስተዳዳሪዎች ዕጩዎቹ ስለ ቻይና፣ ስለ ታይዋንና ስለ ቲቤት ምን እንደጻፉ፣ የት እንደተጓዙ እየፈለጉ መዝገብ ያጠናቅሩ ነበር። ለአንዱ ዕጩ ቲቤት ሄዷል ተብሎ ተመዝግቦለት ነበር፤ ሰውየው የሄደው ኔፓል ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ መዝገብ በእነማን እጅ እንደተጻፈ ነው። ለዘመናት ስለ ነጻነት ሲያነብቡና ሲከራከሩ የኖሩ የሽልማቱ ነባር አገልጋዮች ናቸው የጻፉት። የቻይናን አንባቢዎች በዚህ መውቀስም ግፍ ይሆናል፤ መዋጮ ከፍለው፣ በቋንቋቸው የተጻፈውን ጠቁመው፣ ድምፃቸው በትክክል ተቆጥሮ እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ የቀሩት እነርሱ ናቸውና።

ሆኖም አንድ ነገር አስተውሉ። ጥፋቱ የተገለጠው ጋዜጠኛ ቀድሞ ደርሶበት አልነበረም፤ ደብዳቤዎቹ የወጡትም በኋላ ነው። መጀመሪያ የተናገረው ወረቀቱ ነው። ያጠፉት ሰዎች እንኳ ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው የገዛ ጥፋታቸውን ቁጥር ማተም ነበረባቸው። የዕድር ሒሳብ ሹም ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡን በአባላቱ ፊት ማንበብ አለበት፤ ገንዘብ ያጎደለ እንደሆነ ሲያነብ ድምፁ ይሰበራል። የቼንግዱ ሰንጠረዥ እንደዚያ የተሰበረ ድምፅ ነበር። ውሳኔያቸውን በዝግ በር ከሚያሳልፉ፣ የቃለ ጉባኤያቸውን ማኅደር ለዐሥርት ዓመታት ከሚቆልፉ ታላላቅ ሽልማቶች ጋር አነጻጽሩት፤ እዚያም ስሕተት ይኖራል፣ የሚቆጥረው ግን የለም።

ቀጣዩ ተረኛ የስኮትላንዱ ግላስጎው ነበር። በሐምሌ 2024 የግላስጎው አስተዳዳሪዎች ከተሰጠው 3,813 ድምፅ ውስጥ 377ቱን መሰረዛቸውን፣ ውጤቱ ከመነበቡ በፊት፣ በይፋ አስታወቁ። ድምፆቹ አንድን ዕጩ ለማስመረጥ ሲባል አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች መዋጮውን ከፍለው የፈበረኳቸው ይመስሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ስሞች የመጀመሪያው ፊደላቸው ብቻ በየተራ የተለወጠ፣ አንዳንዶቹም በትርጉማቸው ተከታታይ ቁጥሮች ነበሩ። የዕጩውን ስም አልገለጹም፤ ዕጩው ነገሩን ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብለው ስሙን ጠበቁለት። ይህ አደራ አጠባበቅ ነው። በነሐሴ ኤሚሊ ቴሽ የረጅም ልብ ወለዱን ሽልማት ስትወስድ አዳራሹ ያጨበጨበው የሚያምነውን ቆጠራ ነበር።

ስለ ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ጥቂት ልበልና ወደ መጨረሻው እሄዳለሁ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በኢንተርኔት የተካሄደው የኒውዚላንድ ሥነ ሥርዓት ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጅቶ፣ የብዙ ዕጩዎች ስም በተዛባ አጠራር ተነብቦ ብርቱ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። በባዕድ አገር ስሙ ሲጠራ ማን እንደተጠራ ለማወቅ ግራና ቀኙን አይቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህ ቅሬታ ይገባዋል። ለተሸናፊዎች ግን ይህ ማኅበር የተለየ ደግነት አለው። ከ1976 ጀምሮ፣ ጆርጅ አር አር ማርቲንና ጋርድነር ዶዞይስ በካንሳስ ሲቲ እንደጀመሩት፣ ሮኬት ያላገኙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት የተሸናፊዎች ግብዣ ይደረጋል። አሸናፊ ሲገባ የሚሾፍበት እዚያ ነው።

ወደዚህ አዳራሽ ስገባ አንድ ወጣት ያዝ አድርጎኝ በአማርኛ የተጻፈ የሳይንስ ልብ ወለድ ለሁጎ መወዳደር ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው የታተመበትን ዓመት እንጂ ቋንቋውን አይደለም። እንዲያውም በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሥራ ሁለት ዕድል አለው፤ አንዱ በራሱ ቋንቋ መጀመሪያ በታተመበት ዓመት፣ ሌላው የእንግሊዝኛ ትርጉሙ መጀመሪያ በወጣበት ዓመት። ሊዩ ትሲሺን ያሸነፈው በሁለተኛው በር ገብቶ ነው። በመጀመሪያውም በር የገባ አለ፤ በቼንግዱ ሃይ ያ የተባለ ደራሲ በቻይንኛ በጻፈው ታሪክ አሸንፏል። ጉባኤው በአፍሪካ ምድር ተካሂዶ አያውቅም፤ ይህ ግን ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን አባል ሆኖ ከመምረጥ አይከለክልም። የሚቀረው ጥያቄ ስንት አንባቢ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ለዚያ እኔን መጠየቅ አያሻችሁም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። በታላላቆቹ ዘርፎች የሚፈለገው በመቶዎች የሚቆጠር ጠቋሚ ነው፤ በአነስተኛዎቹ ዘርፎች ግን ዛሬ እዚህ ከተቀመጥነው ብዙም በማይበልጡ ሰዎች ጥቆማ ዕጩ የሆኑ አሉ።